ነፍስ ማወቅ፦ «እኔ» የምንለው ማን ነው?

እናቴ የልጅነቷን ነገር ስታነሳ አብዛኛውን ጊዜ «ያኔ ገና ነፍስ አላወቅሁም» ብላ ትጀምራለች። እናንተም ቤት እንደሚባል እርግጠኛ ነኝ። ሕፃን ይወለዳል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ እናቱን ከሌላው ሰው ይለያል፤ ነፍስ ግን አላወቀም። ከዚያ ማንም ቀኑን ልብ ሳይለው ነፍስ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ያለው ትዝ ይለዋል። ያጠፋው ይጠየቅበታል። «ተዉት፣ ሕፃን ነው» የሚለው መከላከያ ቀስ በቀስ ይነሳበታል።

ይህችን አባባል እስኪ ቆም ብለን እንስማት። ውስጧ ትዝታ አለ። አብዛኛው ሰው ሦስት፣ ሦስት ዓመት ተኩል ከመሙላቱ በፊት የሆነበትን አያስታውስም፤ ይሄ በጥናት የታወቀ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ዕድሜ፣ ሳያውቅ አፍንጫው ላይ ቀለም የተቀባ ሕፃን መስታወት ፊት ሲያቆሙት እጁን ወደ መስታወቱ ሳይሆን ወደ ገዛ አፍንጫው መስደድ ይጀምራል። ይሄ የሥነ ልቦና ድርሻ ነው። ውስጧ ተጠያቂነትም አለ። «ያን ያደረግሁት እኔ ነኝ» የሚለው ሰው ማን ነው? በዚህ ፈላስፎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ቃሉ ራሱ ደግሞ «ነፍስ» ነው፤ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ደጃፍ የማይርቅ ቃል። አንዲት የጓዳ አባባል ሦስቱንም አቅፋ ይዛለች።

ሳይኮሎጂን «ሥነ ልቦና» ስንል የተዋስነው ቃልም እንዲሁ ነው። አያቶቻችን «ልቦና ይስጥህ» እያሉ የሚመርቁበትም የሚገሥጹበትም ያው ልቦና ነው። የጠፋው ልጅ ከእሪያዎቹ መሀል ሆኖ አባቱ ትዝ ባለው ጊዜ ወንጌሉ «ወደ ልቡም ተመልሶ» ይላል። የራቀው ከቤቱ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ቃላት ስለምወድ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እባንናለሁ። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ የስልክ ቻርጀሬ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ብቻ ትታየኛለች። እሷ ላይ አፍጥጬ ሳለሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣል፦ «አንተ የትም አትደርስም»። ድምፁ የራሴ ነው። ሌላ ሰው ቢለኝ እሞግተው ነበር፤ የገዛ ድምፄን ግን እንዴት ልሞግተው? እስኪነጋ አብረን እናድራለን።

ለሰዎች ነገርኩ። አክስቴ «ጸሎት ስለተውክ ነው፤ ጠበል ግባ» አለችኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይሄ ድብርት ነው፤ ሐኪም ሳታይ አትዋል» አለኝ። ፍልስፍና የሚያነብ ጓደኛዬ ደግሞ ማኪያቶውን እያማሰለ «መጀመሪያ ‹የትም› የምትለው የት እንደሆነ ንገረኝ» አለ። በጣም ነው የተናደድኩበት። ሁሉም ከልባቸው ነበር የመከሩኝ። ግን አንዱ የሌላውን ምክር ሲሰማ ፊቱ ይቋጠራል። አክስቴ «ክኒን ነፍስ አያክምም» አለች። ባልደረባዬ ጠበሉን ኋላ ቀርነት አለው። ጓደኛዬ ሁለቱንም «ጥያቄውን መሸሽ ነው» አላቸው። የቀረው ሰው ሁሉ ምክሩ አንድ ነበር፦ «አታስብ»።

«አታስብ» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አገሩ ሁሉ የሚመክረው ይሄንኑ ነው። በ1987 (ዓመቶቹን በሙሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ቀላል ሙከራ አሳተመ። ተሳታፊዎቹን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ አሏቸው፤ ድቡ ውል ባላቸው ቁጥር ደወል ይደውላሉ። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። ቀጥሎ ደግሞ «በሉ አሁን አስቡት» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡት ከተነገራቸው ሰዎች የበለጠ አሰቡት። ታፍኖ የቆየ ሐሳብ ሲለቁት እንዲህ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የተጨነቀ ሰው «አታስብ» ስትሉት ልታግዙት ፈልጋችሁ ነው፤ የምትጠይቁት ግን የማይቻለውን ነው። ሲያቅተው ደግሞ ሁለተኛ ጭንቀት ይጨመርበታል፦ «አለማሰብ እንኳን አቃተኝ»።

በዚያ ሰሞን ነው ስለ ዊልያም ጄምስ ያነበብኩት። ሦስቱ መካሪዎቼ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሳይጣሉ ሲቀመጡ ያየሁት እሱ ላይ ስለሆነ ታሪኩን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ጄምስ በ1842 ኒው ዮርክ ተወለደ። ሃርቫርድ ሕክምና ተምሮ በ1869 ተመረቀ፤ ግን ሐኪም ሆኖ አልሠራም። በሃያዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ላይ ከባድ ጭንቀት ውስጥ ወደቀ። አንድ ቀን ዓይን ለዓይን መተያየት በሚያቅትበት የምሽት ሰዓት ዕቃ ሊያመጣ ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገባ። ድንገት፣ ከጨለማው ውስጥ የወጣ ይመስል፣ ስለ ገዛ ህልውናው አሰቃቂ ፍርሃት ያዘው። ወዲያው አንድ ምስል መጣበት። በአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ያየው ወጣት ነው፤ ፀጉሩ ጥቁር፣ ቆዳው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ግራጫ ካናቴራ ብቻ ለብሶ፣ ጉልበቱን ወደ አገጩ ሰብስቦ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሥር መደብ ላይ የሚቀመጥ። ጄምስ አላዘነለትም። የተሰማው «ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ቀኑ ከደረሰ ያን ዕጣ የሚመልስልኝ አንድም ነገር የለኝም» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ሆዱ ውስጥ ፍርሃት ይዞት ይነቃ ነበር። ይህን ታሪክ ከብዙ ዓመት በኋላ የአንድ ፈረንሳዊ ደብዳቤ አስመስሎ ነው ያሳተመው፤ የራሱ መሆኑን ያመነው ኋላ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ያዘ? መጀመሪያ ጥቅስ። «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፥ ወደ እኔ ኑ» የመሰሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃሎችን የሙጥኝ ባልል ኖሮ የእውነት አብድ ነበር ብሏል። ይህን የሚለው ሐኪም ነው፤ ያውም በሳይንስ የሚምል ሰው። ኤፕሪል 30 ቀን 1870 ደግሞ ማስታወሻው ላይ ሌላ ነገር ጻፈ። ሻርል ሬኑቪየ የተባለውን ፈረንሳዊ ፈላስፋ ሲያነብ ስለ ነፃ ፈቃድ አንድ ፍቺ አግኝቷል፦ ሌላ ሐሳብ ማሰብ እየቻልኩ፣ ስለመረጥኩት ብቻ አንድን ሐሳብ ይዤ መቆየቴ። ጄምስ ይህ ቅዠት ነው የምልበት ምክንያት የለኝም አለና «የመጀመሪያው የነፃ ፈቃድ ሥራዬ በነፃ ፈቃድ ማመን ይሆናል» ብሎ ወሰነ። በአንድ ቀን አልዳነም፤ ለዓመታት ሲወድቅ ሲነሳ ኖሯል። ግን ከዚያ በኋላ ሃርቫርድ የሰውነት አሠራር አስተማረ፣ ቀጥሎ ሥነ ልቦና፣ ቀጥሎ ፍልስፍና። በ1890 ሥነ ልቦናን እንደ ሳይንስ ያቆመ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። በ1901 እና በ1902 ደግሞ ኤድንብራ ሄዶ ስለ ሰዎች ሃይማኖታዊ ልምድ ተከታታይ ንግግር አደረገ። ሰውየው አንድ ነው፤ ያስነሳው ጥያቄም አንድ ነው፤ መደቡ ላይ የተቀመጠው ያ ልጅ።

የ1890ው መጽሐፉ ላይ ስለ «ራስ» ያለው ነገር አማርኛ ቢሆን ኖሮ በአንዲት ፊደል ይገለጽለት ነበር። «እኔ» እና «እኔን»። «እኔን» የሚታየው ነው፤ አካሌ፣ ልብሴ፣ ቤቴ፣ ሚስቴና ልጆቼ፣ ስሜና ዝናዬ፣ ሥራዬ፣ የባንክ ሒሳቤ። ጄምስ ሰው «የእኔ» የሚለው ሁሉ የራሱ ክፋይ ነው ይላል፤ ሲሞሉ ይሞላል፣ ሲጎድሉ ይጎድላል። ይሄን ለማመን መኪናው የተጫረበትን ሰው ፊት ማየት በቂ ነው። ወይ ሠፈር ውስጥ ስሙ የጠፋን ሰው። «እኔ» ግን ይህን ሁሉ የሚያየው ነው። መስታወት ፊት ስትቆሙ የሚታየው እና የሚያየው።

አንድ ስሌትም አለው፤ ቀላል ክፍልፋይ። ለራሳችን ያለን ግምት ስኬታችን ሲካፈል ለምኞታችን ነው። ላዕሉ ስኬት፣ ታሕቱ ምኞት። ስኬት በመጨመር ብቻ ሳይሆን ምኞትን በመቀነስም ውጤቱ ያድጋል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ማኪያቶውን ያማስል የነበረው ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። «‹የትም› የት ነው?» ሲለኝ ታሕቱን ነበር የጠየቀኝ። የት ልደርስ ነበር? ማን ነው ያን ቦታ የመረጠልኝ? እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። አብረውኝ የተማሩ ሰዎች የለጠፉትን ፎቶ ሰብስቤ አንድ ላይ ሰፍቼ የሠራሁት አገር ነበር።

እሺ፣ የሚያየው «እኔ» ማን ነው? እዚህ ላይ ፈላስፎች ይለያያሉ፤ ሁለቱን ብቻ ላንሳ። ሐኪምም ፈላስፋም የነበረው ኢብን ሲና (ከ980 እስከ 1037) እንዲህ አስቡ ይላል፦ አንድ ሰው ሙሉ ሆኖ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ተፈጠረ፤ አያይም፣ አይሰማም፣ እጁና እግሩ እንኳን ተራርቀው አይነካኩም። ስለ አካሉ ምንም አያውቅም። ሆኖም መኖሩን ያውቃል። ስለዚህ ነፍስ ከአካል ሌላ ናት ይላል። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ደግሞ በ1739 ተቃራኒውን ጻፈ። ወደ ውስጤ ገብቼ ራሴን ስፈልግ የማገኘው ሁልጊዜ አንድ የሆነ ስሜት ነው፤ ሙቀት ወይ ብርድ፣ ፍቅር ወይ ጥላቻ፣ ሕመም ወይ ደስታ፤ ስሜቶቹን የሚይዘውን ባለቤት ግን አላገኘሁትም አለ። ቡድሃም ከሂዩም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ለዚህ የቀረበ ነገር አስተምሯል። ሂዩም በዚህ ሐሳብ ጭንቅላቱ ሲዞር ከጓደኞቹ ጋር ራት በልቶ፣ ገበጣ መሰል ጨዋታ ተጫውቶ፣ ስቆ ሲመለስ ፍልስፍናው ቀዝቅዞ ይጠብቀው እንደነበር ራሱ ጽፏል። እኔ ይህን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። ብቻውን ሲፈልገው ያጣውን «እኔ» ገበታ ላይ አገኘው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሌሊት 8 ሰዓት እንመለስ። ሦስቱ መንገዶች በእውነት የሚገናኙበት ቦታ እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ሐሳቡ እና ሐሳቡን የሚያየው ሰው የሚለያዩባት ጠባብ ክፍተት ላይ።

ኤዋግርዮስ የሚባል መነኩሴ ነበር፤ በ399 ግብፅ በረሃ ውስጥ ነው ያረፈው። በረሃ ከመግባቱ በፊት ቁስጥንጥንያ ውስጥ የተከበረ ሰው ነበር። ስለ መነኩሴ የቀትር ስንፍና የጻፈው ነገር ትናንት ቢሮ ውስጥ ያየሁትን የጻፈ ይመስለኛል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። ፀሐይ የቆመች ትመስላለች። ቀኑ ሃምሳ ሰዓት ያለው ይሆናል። መነኩሴው መስኮት መስኮቱን ያያል፤ ከበአቱ ወጥቶ ፀሐይን ያያል፤ ወንድም የሚመጣ እንደሆነ ወዲህ ወዲያ ይቃኛል። ከዚያ ቦታውን ይጠላል፣ የእጁን ሥራ ይጠላል፣ ዘመዶቹ ትዝ ይሉታል፣ ፍቅር ከወንድሞች መሀል የጠፋ ይመስለዋል። ኤዋግርዮስ ይህን «የቀትር ጋኔን» ብሎታል፤ መዝሙረኛው «ከቀትር ጋኔን» እንደሚለው። መድኃኒቱ ታዲያ «አታስብ» አይደለም። ተመልከተው ነው የሚለው። የትኛው ሐሳብ መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚበረታ፣ መቼ እንደሚላላ፣ የትኛው የትኛውን ተከትሎ እንደሚገባ ልብ በል፤ መዝግብ።

አሁን 1,560 ዓመት ገደማ ወደ ፊት እንምጣ። አሮን ቤክ ፊላደልፊያ ውስጥ የሚሠራ የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ የሠለጠነው በፍሮይድ መንገድ፣ የጭንቀትን ሥር ከተደበቀ ፍላጎት ውስጥ በሚፈልገው፣ ነው። አንዲት ታካሚ የግል ሕይወቷን ስትነግረው ስትጨነቅ አየና ምክንያቱን ከተረከችው ታሪክ ውስጥ ፈለገ። ለካ ሴትየዋ እያወራች ሳለ ሌላ ሐሳብ ከሥር ይሮጥ ነበር፦ «ሐኪሙን እያሰለቸሁት ይሆን?» ያስጨነቃት እሱ ነው። ቤክ ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም መጠየቅ ጀመረ። ሁሉም ጋ እንዲህ ዓይነት ሳይጠሩት የሚመጣ፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ማንም ሳይመረምረው የሚታመን ሐሳብ አለ። በ1960ዎቹ ከዚህ ተነስቶ ሕክምናውን ሠራ፤ ዛሬ ለድብርትና ለጭንቀት በብዙ አገር የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ዋና መሠረት ነው። ቤክና ባልደረቦቹ የዚህን ሥር ወደ ጥንቶቹ የስቶይክ ፈላስፎች ወስደውታል። ከእነሱ አንዱ ኤፒክቴተስ ባሪያ ሆኖ የኖረ፣ እግሩም ያነክስ የነበረ ሰው ነው፤ ሰውን የሚያውከው ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ የሰጠው ፍርድ ነው ይል ነበር።

ቤክ ከኤዋግርዮስ ወሰደ እያልኩ አይደለም። የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ግን መነኩሴው በረሃ ላይ፣ ባሪያው ሮም ውስጥ፣ ሐኪሙ ፊላደልፊያ ላይ ያደረጉት የመጀመሪያ እርምጃ አንድ ነው። ሐሳቡን ከራሳቸው ፈልቀቅ አድርገው ፊት ለፊት አስቀመጡት።

አማርኛ ደግሞ ይህን በሰዋስው ነው የሚያውቀው። «ጨነቀኝ» እንላለን፤ «ደበረኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»። አድራጊው ማን ነው? አይታወቅም። እኔ ግን ተቀባይ ነኝ፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ናት እኔ። «ሐሳብ መጣብኝ» ስንልም ሐሳቡ ከውጭ ደርሶ የተጫነን እንጂ እኛ ራሳችን አይደለም። «ሐሳብ ይዞኝ አደረ» ብለን ሐሳብን በአንድ በኩል፣ ራሳችንን በሌላ በኩል እናቆማለን። እኔ ግን «የትም አትደርስም» ሲመጣብኝ ይህን ረስቼው ነበር። መጣብኝ ማለት ሲገባኝ ነኝ አልኩ።

ሐኪም ጋ ሄድኩ። ደሜን አስመረመረ፤ የእንቅልፍ፣ የቡና፣ የምግብ ነገር ጠየቀኝ፤ ከዚያ የንግግር ሕክምና ወደምትሰጥ ባለሙያ ላከኝ። እሷ ደብተር ግዛ አለችኝ። ገጹን በመስመር ከፍዬ ሰዓቱን፣ ሐሳቡን ቃል በቃል፣ ከመተኛቴ በፊት ምን ሳደርግ እንዳመሸሁ እጽፋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ገጾቹን ስናገላብጥ ነገሩ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አንድም ቃል አይቀየርም። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ነው። እሑድ ማታ ደግሞ ስልኬ ላይ የሰው ሠርግ፣ የሰው ምረቃ፣ የሰው ቤት ሳይ ነው የማመሸው። እውነትን የሚናገር ድምፅ ለምን ሰዓት ይመርጣል? እሑድ የትም የማይደርስ ሰው ረቡዕ ይደርሳል እንዴ? ሐሳቡ መምጣቱን አላቆመም። ግን ሲመጣ «ደረስክ?» እለው ጀመር።

ጠበልም ገባሁ። አክስቴ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወረፋው ላይ አጠገቤ ያሉት አዛውንት ምን ሆነህ ነው ብለው አልጠየቁኝም፤ ነጠላቸውን ብቻ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ውሃው ሲወርድብኝ አክስቴ ከዳር ሆና ስሜን፣ የክርስትና ስሜን፣ እየጠራች ትጸልያለች። ያ ስም ሥራዬን አያውቅም፤ የደረስኩበትንም ያልደረስኩበትንም አያውቅም። ጄምስ ከዘረዘራቸው «የእኔ» ከሚባሉ ነገሮች አንዱም እዚያ አልነበረም። እርጥብ ሆኜ እየተንቀጠቀጥኩ ቆሜያለሁ፤ ግን የሆነ ሰው ነኝ። ይህን ደብተሩ አልሰጠኝም፤ ሊሰጠኝም አይችልም።

ስለዚህ ለእኔ ነገሩ እንዲህ ነው የገባኝ። ሥነ ልቦና «እንዴት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እንዴት ትሠራለህ፣ ምን ያስነሳሃል፣ ምን ይጥልሃል። ፍልስፍና «ማን ነህ?» ይላል። እምነት «የማን ነህ?» ይላል፤ መንገድ ላይ ያገኙን ሽማግሌዎች «የማን ልጅ ነህ?» እንደሚሉን። መልሶቹ አንዱ በሌላው አይተካም። እንዴት እንደምሠራ ጠንቅቄ ባውቅ የማን እንደሆንኩ አያሳውቀኝም። የማን እንደሆንኩ ማወቄም የታይሮይድ ሕመም ካለብኝ አይፈውሰኝም።

ጉዳት የሚመጣው አንዱ የሌላውን ጥያቄ እመልሳለሁ ሲል ነው፤ እዚህ ላይ ቀጥ ብዬ ልናገር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ጠበል ስለገባህ መድኃኒቱን ተው ማለት ሰውን መጉዳት ነው። አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ተናግረው ነበር፤ ለአእምሮም ከዚህ የተለየ ነገር የለም። ድብርትን የእምነት ጉድለት ማለትም ጭካኔ ነው፤ በበረሃው አባት ላይ የደረሰ ነገር በእናንተ ላይ ቢደርስ ምን ይገርማል? በሌላ በኩል የታካሚውን ጸሎት ሲሰማ የሚስቅ ሐኪም የሰውየውን ትልቁን መቆሚያ እየነቀለ ነው። «እኔ የሚባል የለም» የሚለውን ፍልስፍና ደግሞ ራሱን ሊያጠፋ ለሚያስብ ሰው የሚያቀርብ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ አላወቀም። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ካለ ብቻውን አይዋል፣ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ይንገር፣ ሐኪም ጋ ይሂድ። ዝም ብሎ ተቀምጦ ሐሳብን መመልከትም ለሁሉ አይሆንም፤ ከባድ ነገር ያሳለፈ ሰው ብቻውን ሲሞክረው ሊብስበት ይችላል፤ አዋቂ ሰው አብሮ ይሁን።

ሙስሊም ጓደኞቼ ለዚህ ሁሉ አንድ የሚያምር ቃል አላቸው፦ ነፍሲያ። «ነፍሲያዬ አሸነፈችኝ» ይላሉ። ቁርኣን ውስጥ ነፍስ በክፉ የምታዝ፣ ራሷን የምትወቅስ፣ እና የረካች ሆና ተጠቅሳለች። ስለዚህ የጻፈው ትልቁ ሰው ኢማም አል-ጋዛሊ ነው፤ በ1058 የተወለደ። ባግዳድ ውስጥ ኒዛሚያ በሚባለው ታላቅ መድረሳ ለ300 ተማሪዎች ያስተምር ነበር። ፈላስፎችን አጥንቶ የሞገታቸው ሰው ነው። ግን በ1095 ራሱን ጠየቀ፤ ይህን የማስተምረው ለማን ብዬ ነው? መልሱ ለዝና ሆነበት። ስድስት ወር ያህል ልሂድ ልቅር ሲል ከረመ። ከዚያ ምላሱ ተያዘ። ተማሪዎቹን ለማስደሰት አንድ ቀን ብቻ እንኳን ላስተምር ብሎ ሲሞክር አንድ ቃል አልወጣም አለው። ምግብ እምቢ አለው፤ መረቅ እንኳን አልወርድለት አለ። ሐኪሞቹ መርምረው ይሄ ልብ ላይ የወደቀ ነገር ነው፣ ከዚያም ወደ አካሉ ተሰራጭቷል፤ ልቡ ከጭንቀቱ ካላረፈ እኛ የምናደርገው የለም አሉ። እነዚያን ሐኪሞች አከብራቸዋለሁ። የእነሱ ጥያቄ የት ላይ እንደሚያበቃ አውቀዋል።

ጋዛሊ ለቤተሰቡ የሚበቃውን ትቶ ሀብቱን አከፋፈለና ወጣ። ደማስቆ ላይ የመስጊድ ሚናራ ላይ ወጥቶ በሩን ዘግቶ ይውል ነበር። ቀጥሎ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎ መካ። በ1106፣ ከ11 ዓመት በኋላ፣ ኒሻፑር ላይ እንደገና ማስተማር ጀመረ። ሥራው ያው ማስተማር፣ ድምፁም ያው። ስለ መመለሱ ሲጽፍ ወደ ማስተማር ብመለስም አልተመለስኩም አለ። ያኔ ክብር የሚያስገኘውን እውቀት አስተምር ነበር፤ አሁን ክብርን የሚያስተወውን።